የእትዬ አንጓች ራዲዮ

ድሃ መለየት ቀላል ነው የሚል ሰው ካለ ወደ እኔ ይላክልኝ። በሙያዬ አስተማሪ ነኝ፤ ነገር ግን በአንድ ወቅት በትርፍ ጊዜዬ ድሃ መራጭ ነበርኩ። ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ፣ ግዴለም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ እስቅ ነበር። ይህን ታሪክ ለወዳጆቼ ስንት ጊዜ ጀምሬዋለሁ መሰላችሁ! መጀመሪያው ያስቃል። መሐሉም ያስቃል። ወደ መጨረሻው ስጠጋ ግን ጉሮሮዬን እጠርግና «ለመሆኑ ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ብዬ ጨዋታ እቀይራለሁ። ዛሬ እንኳ አልቀይርም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ የደረሰኝ ዕጣ ሸሕዲ ሆነ። ሸሕዲ ከጎንደር ወደ መተማ ሲወርዱ መንገድ ዳር የተዘረጋች ከተማ ናት። ሙቀቷን ለደገኛ ማስረዳት ያስቸግራል። እርጥብ ጠመኔ እንደማይጽፍ ያወቅሁት እዚያ ነው፤ ላቤ ከክንዴ ወርዶ ጠመኔውን ያርሰዋል፣ ተማሪዎቼ ይስቃሉ። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከጎጃሙም ከወሎውም ከደጋው ጎንደርም ሠራተኛው በጭነት መኪና እየተጫነ ይመጣና መቆሚያ ይጠፋል። አጨዳው ሲያልቅ ይመለሳል። ሁሉም ግን አይመለስም። ወባ የሚያስቀረው አለ። ጉዳት የሚያስቀረው አለ።

እንግዲህ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለከተማዋ ችግረኞች እርዳታ ላከ። ስንዴ፣ የምግብ ዘይትና ብርድ ልብስ። አዎ፣ ብርድ ልብስ። ያውም የሱፍ። ፍየል እንኳ ጥላ ሥር ተጋድማ ስታለከልክ ለምትውልበት አገር! ብርድ ልብሱ ሲወርድ ያየ ሰው ሁሉ ገና ሳይነካው አላበው። ግን ስጦታ ነውና ማን ይመልሳል?

ችግሩ ሌላ ነው። እርዳታው ለሁሉ አይበቃም። ስለዚህ ከድሃ ድሃ ይመረጥ ተባለና የቀበሌው ኮሚቴ ተቋቋመ። ሦስት ነን። አንደኛው ሊቀመንበሩ ጓድ ፈንታሁን ናቸው። የሳንጃ ሰው ናቸው፤ ሸሕዲ ከመጡ ገና ሦስት ወር አልሞላቸውም። ቅን ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ቅን ሊቀመንበር ያስፈራ ነበር፤ ያመነበትን ነገር ሳይፈጽም አይተኛማ። ሁለተኛዋ የሴቶች ማኅበር ተወካይ ወይዘሮ እንይሽ ናቸው። የከተማዋን ሰው ከነእንስሳው በስም የሚያውቁ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። እኔ የተመረጥኩት ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው። ሌላ ምክንያት አልተሰጠም።

ጓድ ፈንታሁን በመጀመሪያው ስብሰባ «ጓድ መምህር፣ መመዘኛ አውጣ። ሳይንሳዊ ይሁን» አሉኝ። ሌሊቱን ሁሉ አሰብኩበትና ጠዋት ይዤ ቀረብኩ። አልጋ ያለው ድሃ አይደለም። ራዲዮ ያለው ድሃ አይደለም። የሚታለብ ወይም የሚታረድ እንስሳ ያለው ድሃ አይደለም። ቤቱ ቆርቆሮ የሆነ ድሃ አይደለም። ወይዘሮ እንይሽ የመጨረሻዋን ሰምተው ሳቁ። በሸሕዲ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር የሚያድር ሞኝ ብቻ ነው፣ ሀብታሙም የሚያድረው ሣር ቤት ነው አሉ። ቆርቆሮው ተሰረዘ። የቀረው ጸደቀ። ስለዚህ ልብ በሉልኝ፤ የመመዘኛው ደራሲ እኔ ነኝ።

ከዚያ ምን አደረግን? በድምፅ ማጉያ አስነገርን! «የፊታችን ረቡዕ ኮሚቴው ቤት ለቤት እየዞረ የኑሮ ሁኔታ ስለሚመለከት ማንም ሰው ከቤቱ እንዳይጠፋ።» ከነመመዘኛው። ሦስት ቀን አስቀድመን። ለሰው ሦስት ቀን ብትሰጡት ምን የማይደብቀው ነገር አለ? ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋ ሲሄድ አየሁ። እውነቴን ነው። አልጋ በመንገዱ ላይ ይሄዳል፤ ከሥሩ አራት የሰው እግር። ወዲያ ሌላ አልጋ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ያን ቀን ከተማዋ የምትለቅ ነበር የምትመስለው።

ረቡዕ ወጣን። አንዱ ቤት ገብተን ባለቤቱ እንስሳ የሚባል ነገር የለኝም ብለው ሲምሉ ከጓዳ ፍየል ጮኸች። ደንግጠው «የጎረቤት ናት፤ ልትጠይቀኝ መጥታ ነው» አሉ። ወይዘሮ እንይሽ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ጓድ ፈንታሁን አልሳቁም። ሌላ ቤት ደግሞ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆመው ዱላቸውን አግድም ያዙብን። እኔን ድሃ ብሎ የነገራችሁ ማን ነው፣ አባቴን ታውቁታላችሁ ወይ ብለው ጮኹ። ከኋላቸው ጎጆው ይታያል፤ ከአንድ ቁርበት በቀር ምንም የለበትም። ጓድ ፈንታሁን «ፈቃደኛ አይደሉም ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። በሚያምር ጽሕፈት።

እዚህ ላይ ነው ጋሽ ተገኘን ማስተዋወቅ ያለብኝ። ጋሽ ተገኘ ነጋዴ ናቸው። ጨርቅም ሽቶም ሳሙናም ከድንበሩ ማዶ ከሱዳን ያስመጣሉ፤ ሰሊጥ ይገዛሉ። ብቻዬን መምጣቴን ሲያዩ «አንተ ልጅ፣ ምሳህን ከኛ ጋር ብላ» ብለው ቤታቸው አስገቡኝ፤ ያለ ምንም ክፍያ። በየቀኑ እበላለሁ። የምቀመጠው በጠፍር አልጋቸው ላይ ነው። እግሮቹ በሱዳን ሥራ የተቀረጹ፣ ጥቁር፣ የሚያምር አልጋ ነው። ከምሳ በኋላ ራዲዮ እንሰማለን። ራዲዮኑ ትልቅ ነው፣ የቆዳ ልብስ አለው። አንቴናው ስለተሰበረ በጃንጥላ ሽቦ ተተክቷል። ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። መክፈቻውም ዝም ብሎ አይዞርም፤ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ጫን ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን ዘዴ የምናውቀው ጋሽ ተገኘ፣ ባለቤታቸውና እኔ ብቻ ነን።

ያን ረቡዕ ከኮሚቴው ጋር ቤታቸው ስንገባ ማመን አቃተኝ። ትናንት ምሳ የበላሁበት ቤት ተላጭቷል። አልጋ የለ፣ ሣጥን የለ፣ ራዲዮ የለ። ጋሽ ተገኘና ባለቤታቸው ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ቁጭ ብለዋል። ጋሽ ተገኘ ነጋዴ ነበርኩ፣ ኬላው ከጠበቀ ወዲህ ንግዱ ሞቷል ብለው ለጓድ ፈንታሁን አስረዱ። ድምፃቸው ሁሉ ቀጥኗል። ለምን እንዲህ አደረጉ ትሉኝ ይሆናል። ስንዴ ቸግሯቸው አይደለም። ከድሃ ዝርዝር የቀረ ሁሉ ሀብታም ተብሎ መዋጮ ይጣልበታል የሚል ወሬ ነበር። ፈርተው ነው።

ጓድ ፈንታሁን አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ እንይሽ እኔን አዩኝ። እኔ ብዕሬን አየሁ። ጋሽ ተገኘ ደግሞ እንደማያውቁኝ ሁሉ «እንዴት ዋሉ መምህር» አሉኝ። አንቱ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ጻፍኩ።

እስከዚህ ድረስ ይቅር ሊባል ይችል ይሆናል። ቀጥለን የገባንበት ቤት ግን የእትዬ አንጓች ነው።

እትዬ አንጓች የጎጃም ሰው ናቸው። ባላቸው ጋሽ ምንይችል ሰሊጥ ሊያጭዱ ወርደው፣ ከትራክተር ተጎታች ላይ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ። እትዬ አንጓች ሊወስዷቸው መጡ። በዚያ ወገብ ያን ያህል መንገድ አይሆንም ተባለና እዚያው ቀሩ። የጎጆዋን ቦታ በአጥራቸው ጥግ የሰጧቸው ጋሽ ተገኘ ናቸው። ያን ጊዜም መኪና ለምነው ጋሽ ምንይችልን ጎንደር ሐኪም ቤት ያደረሱት ጋሽ ተገኘ ናቸው። ይህንን መደበቅ አልፈልግም፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። እትዬ አንጓች ከወንዝ ውሃ እየቀዱ ለሻሂ ቤቶች ይሸጡ ነበር። የእናቴ እኩያ ናቸው። ውሃ ተሸክመው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ጥግ ይይዙልኛል፤ አስተማሪ ነኛ።

ጎጆዋ ጠባብ ናት። ጎንበስ ብለን ስንገባ መጀመሪያ ያየሁት አልጋውን ነው። ጥቁሩን፣ እግሩ የተቀረጸውን። ራዲዮኑ ከነቆዳ ልብሱ በላዩ ላይ ተቀምጧል፤ የጃንጥላው ሽቦ ጣሪያውን ነክቷል። ጋሽ ምንይችል ከአልጋው ሥር መሬት ላይ፣ ሰሌን ላይ ተኝተዋል።

«ይህ አልጋ የማን ነው?» አሉ ጓድ ፈንታሁን።

እትዬ አንጓች ወደ ባላቸው አዩ። ባላቸው ወደ ጣሪያው አዩ።

«የኛው ነው ጌታዬ።»

«ታዲያ በሽተኛው ለምን መሬት ይተኛሉ?»

«ሙቀት ነው። መሬቱ ቀዝቀዝ ይላል» አሉ። እውነቱ ግን ገባኝ። የሰው አልጋ ነው ብለው አልተኙበትም። የሰው ዕቃ እንዳይቆሽሽ።

«ራዲዮኑስ?»

«እሱም የኛው ነው።»

ጓድ ፈንታሁን ጅል አይደሉም። ጠረጠሩ። «እስቲ ይክፈቱት» አሉ።

እትዬ አንጓች ቀረብ አሉ። እጃቸው የውሃ ገመድ የጠረበው እጅ ነው። አንዱን መክፈቻ ነኩ፣ ተዉት። ሌላውን ነኩ። ራዲዮ ነክተው እንደማያውቁ ያስታውቃል። በዚያች ሰዓት ዝም ብል ኖሮ፣ ዝም ብቻ ብል፣ ነገሩ በራሱ ይፈታ ነበር። ጓድ ፈንታሁን «የማን ነው?» ብለው ያፋጥጡ ነበር፤ እውነቱ ይወጣ ነበር። እውነቱ ከወጣ ግን ጋሽ ተገኘ በሐሰት መረጃ ይታሰራሉ። ከታሰሩ ደግሞ «መምህሩስ በየቀኑ የሚበላበትን ቤት አያውቅም ነበር ወይ?» ይባላል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እትዬ አንጓች ከአንዱ መክፈቻ ወደ ሌላው እስኪሄዱ ነው። ፍጥነቴ ይገርማል።

እጄን ዘረጋሁ። መክፈቻውን ወደ ውስጥ ጫን አደረግሁና አዞርኩት።

የሰልፍ ማርሽ ጎጆዋን ሞላው። እትዬ አንጓች ደንግጠው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ጓድ ፈንታሁን «ጻፍ» አሉኝ። አልጋ አላት። ራዲዮ አላት። ጻፍኩ። በስማቸው ላይ መስመር ስስብ ማስመሪያ ተጠቅሜአለሁ፤ ቀጥ ያለ መስመር እወዳለሁ።

ከጎጆዋ ወጥተን ወይዘሮ እንይሽ ወደ ኋላ ቀረት አሉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እኔ እኮ የተማረው ይናገር ብዬ ነው የጠበቅሁት» አሉኝ። እኔ ደግሞ የአገሩ ሰው ይናገር ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እንዲህ ሆነን ሁለታችንም በትሕትና ተላለፍን።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ጋሽ ተገኘን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው ወይ እዚያ ያስቀመጡት አልኩ። አንገታቸውን ደፉ። «የሷ ድህነት እኮ የታወቀ ነው። ማን ይገባል ብዬ ላስብ?» አሉ። እውነት ነው፣ ማንም አይገባም ነበር፤ ጓድ ፈንታሁን ግን አንድም ጎጆ ሳይዘሉ የሚዞሩ ሰው ሆኑ። ከደረሰኝ ለሷም አካፍላለሁ አሉ ጋሽ ተገኘ። እኔም ተጽናናሁ። ለመጽናናት ብዙ አያስፈልገኝም ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ቀን ቆርጬ ተነሣሁ። ሁሉንም ለጓድ ፈንታሁን እናገራለሁ፣ የመጣው ይምጣ አልኩ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ስገባ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ የሰጠኋቸውን ዝርዝር ከፊታቸው ዘርግተው ማኅተም ይመታሉ። ቀና ብለው ፈገግ አሉ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«ጓድ መምህር፣ አንድ ስርዝ ድልዝ የለበትም! እንደ ምሳሌ ሆኖ ለሌሎች ቀበሌዎች እንዲታይ ወደ ጎንደር ልልከው ነው። ምን ፈልገህ መጣህ?»

«ቀለም አልቆብኝ ነበር» አልኩ።

አንድ ጠርሙስ ሙሉ ሰጡኝ።

የእደላው ቀን ስም የምጠራው እኔ ነኝ። ጋሽ ተገኘ ተጠርተው ሲመጡ ትከሻው የተቀደደ ሸሚዝ ለብሰዋል። ይህን ሸሚዝ የት ነው የማውቀው እያልኩ ሳስብ ቆየሁና ትዝ አለኝ። የጋሽ ምንይችል ነው። ያን ቀን ሰሌኑ ላይ ለብሰውት ነበር። እንግዲህ ከሕመምተኛው ላይ አስወልቀው ተውሰውት ይሆናል። ስንዴውን፣ ዘይቱንና ሁለት ብርድ ልብስ በትከሻቸው አድርገው ሄዱ።

እትዬ አንጓችም እዚያው ነበሩ። ተሰላፊው በፀሐይ እንዳይወድቅ ብሎ ቀበሌው ውሃ እንዲያጠጡ ቀጥሯቸዋል። ከሰልፉ ራስ እስከ ጅራቱ በጣሳ ሲያድሉ ዋሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ጣሳውን አለቅልቀው አዲስ ውሃ ቀዱልኝ።

«ይጠጡ መምህር፤ ፀሐዩ ከበደ» አሉኝ።

ጠጣሁ። ምን ላድርግ? ጠምቶኝ ነበር።

ጋሽ ተገኘ ከስንዴው ሰፍረው ሰጧቸው፤ ቃላቸውን ጠብቀዋል። እትዬ አንጓችም ጉልበታቸው ላይ ወድቀው እንዳመሰገኗቸው ራሳቸው ጋሽ ተገኘ ነገሩኝ። ሲነግሩኝ ምሳ እየበላን ነው፤ ያው አልጋ ላይ። ወጡ ያን ሰሞን ዘይቱ በዛ ብሎ ነበር። የእርዳታውን ዘይት ጣሳ ከነጽሑፉ ጓዳው በር ላይ አየሁት። የማን ድርሻ እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃ ጠጣሁና መብላቴን ቀጠልኩ።

ሁለተኛው እርዳታ ሲመጣ የእትዬ አንጓችን ስም ከሁሉ በላይ፣ በትልቁ ጻፍኩት። አለቀ፣ ተካሰ ብዬ ነበር። ከበላይ የመጣው መመሪያ ግን በመጀመሪያው ዙር የተመዘገቡት ብቻ ይቀጥሉ የሚል ሆነ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? የሸሕዲው ዝርዝር ጥንቃቄ የተሞላበት ስለሆነ ሌላ ማጣራት አያስፈልገውም።

እንዲህ ከርመን የሰሊጡ ወራት አለቀ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜያለሁ። በር ላይ ሰሊጥ የጫነ መኪና ቆመና እትዬ አንጓች ወረዱ። ጋሽ ምንይችልን ዘመዶቻቸው ሊወስዷቸው መጥተው፣ በጆንያው ላይ ፍራሽ አንጥፈው አስተኝተዋቸዋል። ወደ አገራቸው መመለሳቸው ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም፤ ቶሎ በሉ ይላል።

እትዬ አንጓች ነጠላቸውን አደግድገው መጡ። በእጃቸው በጨርቅ የተቋጠረ፣ ለወጥ የሚሆን ባሚያ ይዘዋል። ሰጡኝና መሬት መሬት እያዩ ቆሙ።

«መምህር፣ አገሬ ልገባ ነው። በደል ይዤ መንገድ መውጣት ፈራሁ» አሉ።

«የምን በደል?»

«ያን ጊዜ ዋሽቻችኋለሁ። ራዲዮኑ የኔ አልነበረም። አልጋውም የኔ አልነበረም። ባለቤቱን አልናገርም፤ ቃል ሰጥቻለሁ። የመንግሥት ሰው ፊት ስዋሽ አንድም አልከበደኝ። ለእርስዎ መዋሸቴ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። መክፈት ሲያቅተኝ እንዳላፍር ብለው ከፈቱልኝ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው ዋሸሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋሽ ተገኘ ቤት ምሳ እንደምበላ የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር ያውቃል። እትዬ አንጓች ደግሞ ጎጇቸው ከአጥሩ ሥር ነው። በየቀኑ ስገባና ስወጣ ያዩኛል። ታዲያ ራዲዮኑን እንደማውቀው አያውቁም ነበር? ወይስ አውቀው፣ እኔም የበኩሌን እንድናገር መንገድ ሊከፍቱልኝ ነው የመጡት? ይህን ሁሉ ዓመት አስቤ አልደረስኩበትም። ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ተማሪዎቼ በመስኮት ያዩናል። ባሚያው እጄ ላይ ነው።

«ግዴለም እትዬ አንጓች» አልኳቸው፤ «ሁለተኛ ግን አይልመድዎት።»